የልጆቻችን የቤዝቦል ሜዳ በሰው ሠራሽ ሣር ሊቀየር ነው፤ ስብሰባው ላይ ምን ልበል?

የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ጥያቄዬ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ይሆን ይሆናል፤ ግን ቤዝቦል የሚጫወት ልጅ ያለው ሐበሻ ወላጅ እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ።

ትልቁ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። መጫወት ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆነው፤ የሚቆመው ሴከንድ ቤዝ ላይ ነው፤ ሯጮች ዞረው ከሚረግጧቸው አራት ማረፊያዎች (ቤዞች) ሁለተኛው አጠገብ ማለት ነው። እኔ ያደግኩት ወንድሞቼ የጨርቅ ኳስ ሲራገጡ እያየሁ ስለሆነ ይህን ጨዋታ የተማርኩት አጥር ሥር ቆሜ እሱን ስጠብቅ ነው። አሁን ወድጄዋለሁ።

የሰፈራችንን ሜዳ ሣሩንም ቀዩን አፈርም አንሥተው ዳር እስከ ዳር ሰው ሠራሽ ሣር ሊያነጥፉበት አስበዋል። የወላጆች ስብሰባ ተጠርቷል፤ ሐሳብ ያለው ይናገር ተብሏል። በዚህ ስፕሪንግ ብቻ ስድስት ጨዋታ በዝናብ ተሰርዞብናል። ዝናቡ ካቆመ ሁለት ቀን ሆኖት፣ ፀሐይ ወጥቶ እያለ፣ «ሜዳው ዝግ ነው» የሚል መልእክት ይመጣል። ልጄ ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ጓንቱን ጭኑ ላይ አድርጎ በር ላይ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ስለዚህ ወሬውን ስሰማ መጀመሪያ ደስ አለኝ። በኋላ አንዷ እናት ሰመር ላይ እግር እንደሚያቃጥል ነገረችኝ፤ ሌላዋ ደግሞ ውስጡ ስለሚደፋው የጎማ ፍርፋሪ። ባለቤቴ «ፕላስቲክ ፕላስቲክ ነው» ብሎ ዘጋው። እኔ ግን ስብሰባው ላይ እጄን ሳወጣ የምናገረውን ማወቅ እፈልጋለሁ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ።

ሜዳ ተንከባካቢ፣ ሰሜን ቨርጂኒያ

እህቴ፣ የልጅሽ ነገር ሆዴን በላው። «ሜዳው ዝግ ነው» የሚለው መልእክት እንዲላክ ከሚያደርጉት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝና። 19 ዓመት ሙሉ የቤዝቦልና የሶፍትቦል ሜዳ ስንከባከብ ኖሬያለሁ፤ በተፈጥሮውም በሰው ሠራሹም ላይ ሠርቻለሁ። ረዘም ቢልብሽ ታገሺኝ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ውሃው የሚያቁረው የት ነው? ሣሩ ላይ ነው ወይስ አፈሩ ላይ? እኔ ባየኋቸው የልጆች ሜዳዎች ጨዋታ የሚያሰርዘው አብዛኛውን ጊዜ ሣሩ አይደለም፤ ቤዞቹ ያሉበት ቀዩ አፈር ነው። ይህ አፈር ዝም ብሎ አፈር አይደለም፤ የአሸዋ፣ የደለልና የሸክላ አፈር ቅልቅል ነው። ሸክላው አጥብቆ ይይዛል፣ አሸዋው ውሃ ያሳልፋል። ሲሠራም በጣም ትንሽ ዘንበል ተደርጎ ነው፤ በ100 ጫማ ርቀት ከስድስት ኢንች እስከ አንድ ጫማ ዝቅታ ቢኖረው ነው። በዓይን አይታይም፣ ውሃው ግን ያውቀዋል።

ታዲያ ልጆቹ ሲሮጡና ሲንሸራተቱ፣ ሠራተኛውም አፈሩን በብረት መረብ እየጎተተ ሲያስተካክል፣ አፈሩ ቀስ እያለ ይገፋና ሣሩ ጠርዝ ላይ ይከማቻል። ሣሩ በላዩ ያድግበታል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ይጨመርበታል። በሙያው ሊፕ ይሉታል፣ ከንፈር እንደማለት። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር የሚታወሰኝ እርከን ነው። የአገራችን ገበሬ እርከን የሚሠራው ውሃና አፈር እንዳያመልጠው ብሎ አይደል? እኛም ሳናስበው የቤዝቦል ሜዳ ዙሪያውን እርከን ሠርተን፣ ውሃው ለምን አይወርድም እንላለን።

ሌላው ጥፋት ከፍቅር የሚመጣ ነው። አባቶች ከዝናብ በኋላ ጨዋታው እንዳይቀር ብለው መጥረጊያ ይዘው ኩሬውን ወደ ሣሩ ይጠርጋሉ። ውሃው ብቻውን አይሄድም፤ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ጉድጓዱ ይጠልቃል፣ ጠርዙ ከፍ ይላል፤ በሚቀጥለው ዝናብ ኩሬው እጥፍ ይሆናል። ውሃው በስፖንጅ ወይም በእጅ ፓምፕ ተቀድቶ በባልዲ ነው መውጣት ያለበት። ከዚያ በእሳት የተጠበሰ የሸክላ ጠጠር ይበተንበታል፤ በከረጢት ይሸጣል፣ የቀረውን እርጥበት ይመጠዋል። ይህን በትክክል የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ካሉ፣ ጠዋት ዝግ የነበረ ሜዳ ከሰዓት ሲከፈት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ስለዚህ ሜዳችሁን ሄደሽ እዪው። ልጅሽ ከሚቆምበት ከሴከንድ ቤዝ ጀርባ፣ አፈሩ አልቆ ሣሩ የሚጀምርበት ላይ እግርሽን አሳርፊ። ከፍ ካለ፣ ስድስቱን ጨዋታ የበላው እሱ ነው።

አሁን ወደ ሰው ሠራሹ ልምጣ። ዝናው የመጣው ከራሱ ከቤዝቦል ነው ማለት ይቻላል። በ1965 ሂውስተን ውስጥ አስትሮዶም የሚባል፣ ጣሪያው ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ስታዲየም ተከፈተ። ሣሩ የተፈጥሮ ነበር፤ ብርሃን እንዲያገኝ ተብሎ ጣሪያው ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ተሸፈነ። ነጸብራቁ ግን ተጫዋቾቹን አሳወራቸው፤ ወደ ላይ የወጣ ኳስ አይታያቸውም። ጣሪያውን ቀለም ቀቡት። ኳሱ ታየ፣ ሣሩ ሞተ። በ1966 ሞንሳንቶ የሠራውን የናይለን ሣር አነጠፉ፤ አስትሮተርፍ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ዛሬም በዋናው ሊግ ካሉት 30 ስታዲየሞች ሰው ሠራሽ የሚጠቀሙት አምስቱ፣ ማለትም የቶሮንቶ፣ የታምፓ ቤይ፣ የአሪዞና፣ የቴክሳስና የማያሚ፣ ሁሉም ጣሪያ ያላቸው ናቸው። የአሪዞናውና የማያሚው በተፈጥሮ ሣር ጀምረው፣ ጥላው ሣሩን ስላስቸገረው በ2019ና በ2020 ቀየሩ። ሰማይ ያለው ስታዲየም ሁሉ ሣር ላይ ነው። ካንሳስ ሲቲና ሴንት ሉዊስ ለሃያ ዓመት ከዚያ በላይ ምንጣፍ ላይ (ሰው ሠራሹን እንዲህ ነው የምንለው) ተጫውተው፣ በ1995ና በ1996 ወደ ሣር ተመለሱ።

አንድሬ ዶውሰን የሚባል ታላቅ ተጫዋች ነበር፤ ሞንትሪያል ውስጥ በቀጭኑ የድሮ ምንጣፍ ላይ ጉልበቱ አለቀ። በ1987 ወደ ቺካጎ ከብስ ሄዶ ደሞዙ ያልተሞላበት ውል ሰጣቸው፤ የፈለጋችሁትን ጻፉበት አለ። ምክንያቱ የከብስ ሜዳ ሪግሊ ፊልድ ሣር ስለነበረው ነው። በዚያው ዓመት 49 ሆም ረን መትቶ የናሽናል ሊግ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። እውነት ለመናገር የዛሬው ምንጣፍ የዚያን ጊዜው አይደለም። ያኔ ኮንክሪት ወይም አስፋልት ላይ የተነጠፈ አጭር ናይለን ነበር፤ የዛሬው ረጅም የፖሊኤትሊን ክር ሆኖ መሐሉ አሸዋና የጎማ ፍርፋሪ ይሞላበታል። ይለሰልሳል። የዶውሰንን ጉልበት አንሥቶ የዛሬውን መክሰስ ልክ አይሆንም።

የዛሬው ችግር ሙቀቱ ነው። ዩታ የሚገኘው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ በ2002 ለክቶት ነበር፤ አየሩ 98 ዲግሪ ፋራናይት በሆነ ቀን የምንጣፉ ገጽ 200 ደረሰ። ውሃ ሲረጩበት 174 የነበረው ወደ 85 ወረደ፤ በ20 ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ 164 ገባ። እኔ ራሴ ጁላይ ላይ ቴርሞሜትር ይዤ ከ150 በላይ አንብቤያለሁ፤ አጠገቡ ያለው ሣር 90 አካባቢ ነበር። 11 ዓመት ልጅ ቁመቱ ስንት ነው? ፊቱ ከእኛ ይልቅ ለመሬቱ ይቀርባል።

የቤዝቦል ሣር ደግሞ ለእኔ ሌላ ነገር አለው። ያደግኩት ጎጃም ነው። አባቴ ሲያርስ የሰርዶ ሥር ካገኘ እየለቀመ ድንበር ላይ ይከምረው ነበር፤ ክምሩ ላይም ይበቅላል። በሬዎቹ ከቀንበር ሲፈቱ ደግሞ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደዚያው ነው። እዚህ ሥራ የገባሁ ሰሞን አለቃዬ የመድኃኒት መርጫ አሸክሞኝ አውትፊልዱን (ከቤዞቹ ወዲያ ያለውን ሰፊ ሣር) የወረረ አረም አሳየኝና አጥፋው አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ሰርዶ ነው። እነሱ ቤርሙዳ ይሉታል። እያዘንኩ ረጨሁት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው መሥሪያ ቤት ብርድ የሚችል የሰርዶ ዘር በጥቅልል አስመጥቶ አስነጠፈን። ምክንያቱም የኛ አካባቢ ለሰሜኑ ሣር ይሞቃል፣ ለደቡቡ ይበርዳል፤ ቀድሞ የነበረው ፌስክዩ የሚባል ሣር ደግሞ ልጆች ሲረግጡት ተነቅሎ ይቀራል። ሰርዶ ከላይም ከመሬት በታችም እየተሳበ ቁስሉን ራሱ ይደፍናል። የሂውስተኑ አስትሮዶም ውስጥ የሞተውም ዲቃላ ሰርዶ ነበር፤ ያ ዘር ፀሐይ ከተከለከለ ምንም አይችልም፣ ፀሐይ ከሰጡት ግን ምንም አይበግረውም።

ጉድለቱንም አልደብቅም። ሰርዶ በብርድ ይተኛል። ማርች መጨረሻ ላይ ሊጋችሁ ሲጀምር ገና ቡናማ ነው፤ ሜይ እስኪገባ የተጎዳውን አይተካም። በፎል ራይግራስ የሚባል ብርድ የሚችል ሣር ካልተዘራበት ስፕሪንጉ ይከብደዋል።

አባት፣ ከዳላስ አጠገብ

ወንድሜ የጻፍከውን በአክብሮት አነበብኩ፤ ግን እኔ በሌላ በኩል ነኝ። ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ ትራቭል ቦል፣ ማለትም ከከተማ ከተማ እየዞረ ውድድር ይጫወታል። በአንድ ቅዳሜና እሑድ አራት አምስት ጨዋታ አለው። ሦስት ሰዓት ነድተን፣ ሆቴል ከፍለን ሄደን፣ ሌሊት ዘንቦ ጠዋት ሁሉም ተሰርዟል ሲባል ገንዘቡም ቀኑም ይባክናል። ሰው ሠራሽ ሜዳ ባለበት ቦታ ግን ዶፍ ወርዶ ባቆመ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልጆቹ ሜዳ ገብተዋል። ሥሩ ጠጠር ነው፣ ውሃው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አንድ ሜዳ ከጠዋት እስከ ማታ ስድስት ቡድን ያስተናግዳል፤ የትኛውም ሣር ይህን አይችልም። እዚህ የቴክሳሱ ቡድን ሬንጀርስ እንኳ በ2020 ወደ አዲሱ ስታዲየም ሲገቡ ሣሩን ትተው መጥተዋል።

ሙቀቱ ግን የተባለው ሁሉ እውነት ነው። ባለፈው ጁላይ የልጄ ጫማ ሶል ሙጫው ለቅቆ ተገነጠለ። ካቸር (ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀበል) የነበረው ጓደኛው ተንበርክኮ መቀመጥ አቅቶት ተለወጠ። አሁን ከምሽቱ ውጪ የሚደረግ የጁላይ ውድድር አልመዘገብም። የብረት ክሊትም (ከሶሉ ሥር የብረት ጥርስ ያለው ጫማ) አይፈቀድም፤ ሁለት ጫማ ትገዢያለሽ።

የኮሌጅ ተጫዋች፣ አትላንታ

እኔም እንደ ልጅሽ ሴከንድ ቤዝ ነኝ እትዬ፤ ስለ ኳሱ ብቻ ልናገር። ምንጣፍ ላይ መሬት ለመሬት የሚመጣ ኳስ ይፈጥናል፣ ግን አይዋሽም። የሚነጥርበትን ቀድመህ ታውቃለህ። አፈርና ሣር ላይ ትንሽ ጠጠር ወይም ያ ጋሼ ያሉት ከንፈር ካለ፣ መጨረሻው ላይ ዘሎ አገጭህን ይመታል። እኔን በ12 ዓመቴ ጥርሴን ሰብሮኛል፤ ጠርዙ ላይ ነበር የነጠረው። ያም ሆኖ ሃይስኩል ሙሉ ምንጣፍ ላይ ተጫውቼ ኮሌጅ ሣር ላይ ስገባ፣ እግሬ ኳሱን መጠበቅ ለምዶ ወደ ኳሱ መሄድ ረስቶ ነበር። አንድ ሙሉ ዓመት ወስዶብኛል። ስትወድቅም ልዩነት አለው፤ ምንጣፉ ክንድህን ይልጠዋል፣ ፍርፋሪው ቁስሉ ውስጥ ይገባል። ምርጫው ቢሰጠኝ በደንብ የተያዘ ሣር፤ ያልተያዘ ሣርና አዲስ ምንጣፍ ከሆነ ግን ምንጣፉን።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ያሉትን አደረግሁ። ትናንት ከዝናቡ በኋላ ከልጄ ጋር ሄድን። ከሴከንድ ቤዝ ጀርባ ያለው ጠርዝ የልጄን ቁርጭምጭሚት ሊደርስ ምንም አልቀረው። ውሃው ልክ ከሥሩ ተኝቷል፤ ሣሩ ላይ ግን ምንም የለም፣ ጫማዬ እንኳ አልረጠበም። ልጄ «እማ፣ ኳስ እዚህ ጋ ሁልጊዜ ይዘልብኛል» አለኝ። ሦስት ዓመት እዚያ ስቆም አንድ ቀን አላየሁትም።

ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። ስለ ጎማው ፍርፋሪ ምን ይላሉ? ፊላደልፊያ ውስጥ ተጫዋቾች በካንሰር ሞቱ የሚባለውስ? ሌላው፣ ስብሰባው ላይ «አፈሩን አስተካክሉ» ብዬ ብቻ ብናገር ማን ይሰማኛል? እነሱ ስዕል ይዘው ነው የሚመጡት።

ሜዳ ተንከባካቢ፣ ሰሜን ቨርጂኒያ

እህቴ፣ የፊላደልፊያውን በጥንቃቄ እንያዘው። በድሮው ቬተራንስ ስታዲየም ለከተማው ቡድን ለፊሊስ የተጫወቱ ስድስት ሰዎች ግሊዮብላስቶማ በሚባል የአንጎል ካንሰር ሞተዋል። በ2023 የከተማው ጋዜጣ ኢንኳየረር የዚያን ምንጣፍ ቁራጭ አስመርምሮ ፒፋስ የሚባሉ፣ ቶሎ የማይበሰብሱ ኬሚካሎች አግኝቷል። ምንጣፉ በሽታውን አመጣ ተብሎ ግን አልተረጋገጠም። ያ ደግሞ የድሮው ናይለን ነው፤ ጎማ አልነበረበትም። የጎማ ፍርፋሪውን የአሜሪካ መንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለዓመታት አጥንቶ የመጨረሻውን ክፍል በ2024 አውጥቷል፤ ኬሚካሎች በውስጡ አሉ፣ ወደ ተጫዋቹ ሰውነት የሚገባው ግን ውስን ይመስላል ነው ያለው። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ በ2023 ባወጣው ደንብ እንዲህ ዓይነቱ የፕላስቲክና የጎማ ሙሌት ከ2031 በኋላ እንዳይሸጥ ወስኗል፤ እሱ ስለ ካንሰር አይደለም፣ ፍርፋሪው ወደ ወንዝና አፈር እየሄደ ስለማይጠፋ ነው። ልጅሽ ቤት ሲገባ ካልሲውን ገልብጪው፣ ስንቱ ከሜዳ እንደሚወጣ ታያለሽ። ቦስተንም በ2022 በከተማዋ ፓርኮች አዲስ ምንጣፍ እንዳይነጠፍ አቁማለች።

የዳላሱ ወንድሜ ያልከው ልክ ነው። ስድስት ቡድን በቀን የሚረግጠው፣ ሌሊት በመብራት የሚሠራ ሜዳ ከሆነ እኔም ምንጣፍ እላለሁ። የእህታችን ግን በሳምንት ጥቂት ምሽትና ቅዳሜ ጠዋት የሚጫወቱበት የሰፈር ሜዳ ነው።

ስብሰባው ላይ «አፈሩን አስተካክሉ» ብለሽ ብቻ አትቁሚ፤ ልክ ነሽ፣ አይሰሙሽም። ጠይቂያቸው። ምንጣፉ የሚያገለግለው ከስምንት እስከ አሥር ዓመት ነው፤ ልጅሽ 20 ሲሞላው ማን ነው የሚቀይረው? በጀቱ ዛሬ ተቀምጧል ወይስ ያን ጊዜ ላለው ሰው ይተዋል? ይህን በተመለከተ በብዙ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ» የሚለው ተረት ሲመጣብኝ ዝም ብያለሁ፤ አንቺ ዝም አትበይ። ያረጀው ጥቅልል የት ይጣላል? ምን ያህል እንደደነደነ በየዓመቱ ይለካል ወይ? ጂማክስ የሚባል መለኪያ አለ፤ ከ200 ካለፈ ሜዳው ለልጅ ጭንቅላት አይሆንም። ፍርፋሪው በአንድ ቦታ ሲሳሳ ቁጥሩ ይወጣል፤ በተለይ ባተሩ (መቺው) የሚቆምበትና ፒቸሩ (ወርዋሪው) የሚያርፍበት ቦታ ቶሎ ይሳሳል። ሙሌቱ ጎማ ብቻ ነው ወይስ ቡሽ ወይም አሸዋ አማራጭ ተጠይቋል? ስንት ዲግሪ ሲሆን ነው ልምምድ የሚቆመው፣ ማንስ ይለካዋል? ምንጣፍም ቢሆን ሰው ይፈልጋል፤ መበጠር አለበት፣ ፍርፋሪ መጨመር አለበት፣ ስፌቱ ሲለቅ ልጅ ሳይጠልፍ መታየት አለበት። «ጥገና አያስፈልገውም» የሚል ሰው ካለ፣ እኔ የጠገንኳቸውን ምን ላድርጋቸው?

ከዚያ የራስሽን ዋጋ አቅርቢ። ሙሉ ምንጣፍ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ነው የሚሄደው። በዚያ ፈንታ የሚጠየቀው ይህ ነው፦ ጠርዙ በማሽን ተቆርጦ ይነሣ፤ ኢንፊልዱ (ቤዞቹ ያሉበት ክፍል) በሌዘር ተለክቶ እንደገና ዘንበል ይበል፤ አዲስ ቅልቅል አፈር ይጨመር፤ ማውንዱ (ፒቸሩ የሚወረውርበት ጉብታ) እና ባተሩ የሚቆምበት ቦታ በንጹሕ ሸክላ ተጠቅጥቆ ሌሊት ሸራ ይልበስ፤ አውትፊልዱ ሰርዶ ይነጠፍ። ለሁሉም ነገር ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን የሚመጣ አንድ ሰው፣ ስሙ የሚታወቅ፣ ቁልፉ እጁ ላይ ያለ። ያ ሰው ሲጎትት ከሣሩ አንድ ጫማ ቀድሞ መቆሙን ካወቀ እርከኑ አይመለስም።

ፎቶ አንሺ። ከዝናብ በኋላ ውሃው ከጠርዙ ሥር ተኝቶ፣ ሣሩ ደርቆ፣ ልጅሽ ቁርጭምጭሚቱን ከጠርዙ አጠገብ አድርጎ። እነሱ ስዕል ይዘው ይመጣሉ ብለሻል፤ አንቺም ይዘሽ ግቢ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ፎቶውን አነሣን ጋሼ። ልጄ ጠርዙ ላይ ማስመሪያ አቁሞ ያዘው፤ አራት ኢንች ተኩል ነው። ሌላም ነገር አገኘ፤ ከራይት ፊልድ (ከአውትፊልዱ የቀኝ ክፍል) አጥር ሥር በአፈሩ ላይ የሚሳብ፣ በየአንጓው ሥር የሰደደ ሣር ነቅሎ አመጣልኝ። ለአባቱ አሳየነው፣ «ሰርዶ ነው እንጂ!» አለ። ማንም ሳይዘራው መጥቷል። ስብሰባው ሐሙስ ማታ ነው፤ ማስመሪያውንም ሣሩንም ይዤ እሄዳለሁ።

ሜዳ ተንከባካቢ፣ ሰሜን ቨርጂኒያ

ሣሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልይው፣ እስከ ሐሙስ አይደርቅም። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከሥራ እወጣለሁ፤ ሰዓቱንና ቦታውን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ መንገዱ ከፈቀደልኝ እመጣለሁ።